የጠገበ ሕዋስና የተራበ ሰው

አንባቢ ሆይ፤ ይህን የሚጽፍልህ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ሆነ «ቅኔውንና ሰዋስዉን ትቶ በሕዋስ ጉዳይ ምን ጥልቅ አደረገው?» ብትል አልቀየምህም። የሳይንስ ተማሪዎችም ብለውኛል። መልሴ አጭር ነው። ስለ ሕዋስ የሚወራው ነገር ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ቡና በሚፈላበት ቤት ሁሉ ከገባ ሰንብቷል። «ረኃብ ዕድሜ ያረዝማል፤ ፈረንጆች በሳይንስ አረጋገጡት» የሚል ቃል ከአጎት ወደ አክስት፣ ከአክስትም ወደ ጎረቤት በስልክ ይተላለፋል። ቃል ደግሞ የእኛ የአርትስ ተማሪዎች ሥራ ነው። «ረኃብ» ሲባል የማን ረኃብ ነው? «ዕድሜ» ሲባልስ የማን ዕድሜ? ይህን ለመጠየቅ መብት አለኝ ብዬ ከባዮሎጂ ተማሪው የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ መጻሕፍት ተውሼ አንድ ሴሚስተር ሙሉ አነበብኩ። እርሱ በበኩሉ «የካፌያችን ሽሮ ዕድሜያችንን እያረዘመልን ነው» እያለ ይቀልዳል። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በእኛ ሲሆን ለይቼ እናገራለሁ።)

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። ሰውነታችን በትሪሊዮን ከሚቆጠሩ ሕዋሳት የተሠራ ነው። ሕዋስ ዐይንም ምላስም የለውም፤ ሆኖም ምግብ መኖሩንና አለመኖሩን ያውቃል። ማወቅም አለበት። እህል ሳይኖረው ድግስ የሚደግስ ቤት እንደሚፈርስ ሁሉ፣ ስንቅ ሳይኖረው አዲስ ነገር የሚገነባ ሕዋስም ይጠፋል። ስለዚህ ጎተራውን እየለኩ የሚያስታውቁ ሹማምንት አሉት።

አንደኛው ከሩቅ የሚመጣ መልእክተኛ ነው። በልተን ስኳሩ ወደ ደም ሲገባ ቆሽት ኢንሱሊን ይለቃል፤ ኢንሱሊኑም በየሕዋሱ ደጅ ቆሞ «እህል መጥቷልና ክፈቱ» ይላል። ሁለተኛው ኤ. ኤም. ፒ. ኬ. የሚባለው፣ የሕዋሱን ማገዶ ቆጣሪ ነው። ማገዶው ሲመናመን ይነቃና ወጪ እንዲቆም ያዛል። ሦስተኛውና ዋነኛው ቶር ይባላል። እኔ በጥንቱ ቤተ መንግሥት እንደ ነበረው በጅሮንድ አድርጌ ነው የማስበው። ኢንሱሊን ያመጣውን ወሬ ይሰማል፣ የማገዶ ቆጣሪውን ቃል ይቀበላል፣ የፕሮቲን ጡብ የሆኑት አሚኖ አሲዶች፣ በተለይም ሊውሲን የተባለው፣ መግባታቸውን ያረጋግጣል። ሁሉም ከተሟላ «ፕሮቲን ሥሩ፣ ስብ አከማቹ፣ እደጉ፣ ተባዙ» ብሎ ያዛል። የሚቀመጥበት ወንበር ደግሞ ያስቀኛል። ሊዞዞም የምትባል፣ ሕዋሱ ያረጀ ዕቃውን የሚያፈርስባት ከረጢት አለች፤ በጅሮንዱ ሥራ ላይ ሲሆን የሚቀመጠው በእርሷ ጀርባ ላይ ነው።

ቶር የሚለው ስም የመጣው ከመድኃኒት ነው፤ የመድኃኒቱም ስም የመጣው ከደሴት ነው። ታሪኩን ሳነብ ከሳይንሱ ይልቅ እርሱ ስለ ማረከኝ ትንሽ ልቆይበት።

በ1964 መጨረሻ ከካናዳ የተነሡ ሐኪሞችና ሊቃውንት በባሕር ኃይል መርከብ ተሳፍረው፣ በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል ወደምትገኘው፣ የቺሌ ግዛት ወደ ሆነችው ወደ ፋሲካ ደሴት ሄዱ። ተወላጆቿ ራፓ ኑዊ ይሏታል። ሊቃውንቱ የሕዝቡን ደም ቀዱ፣ ቁመቱን ለኩ፣ ከልዩ ልዩ ስፍራም አፈር ዘግነው ተመለሱ። ያ አፈር በሞንትሪያል አየርስት በሚባል የመድኃኒት ኩባንያ እጅ ገባ። ሱሬን ሴጋል የተባለ በእንግሊዝ ሕንድ የተወለደ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፣ በአፈሩ ውስጥ የሚኖር አንድ ባክቴሪያ ሻጋታን የሚገድል ነገር እንደሚያወጣ አገኘና በ1975 አሳተመ። ስሙንም በደሴቲቱ ስም ራፓማይሲን አሉት።

ዳሩ ግን ነገሩ ሻጋታ በመግደል ብቻ የሚያበቃ አልነበረም። የሕዋሳትን መባዛት ይገታል፣ የሰውነትን የበሽታ መከላከያም ያዳክማል። ኩባንያው ደግሞ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሞንትሪያሉን ቤተ ሙከራ ዘጋ፤ የራፓማይሲንም ሥራ ተቋረጠ። ሴጋል ግን ጥቂቱን ወደ ቤቱ ወስዶ ከቤተሰቡ ምግብ ጋር በማቀዝቀዣ አኖረው። ወደ አሜሪካ ሲዛወርም ይዞት ሄደ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ሥራው እንደ ገና ተነሣ፤ በ1999 ራፓማይሲን የሌላ ሰው ኩላሊት የተተከለላቸው ሕመምተኞች አዲሱን ኩላሊት ሰውነታቸው እንዳይጥለው የሚወስዱት መድኃኒት ሆኖ በአሜሪካ ተፈቀደ። ደማቸውንና አፈራቸውን የሰጡት የደሴቲቱ ሰዎች ስማቸው በመድኃኒቱ ላይ ቀርቷል፤ ከዋጋው ግን ድርሻ አልደረሳቸውም። ይህን ያነሣሁት በመንገዴ ላይ ስላገኘሁት ነው፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚወጣው ነገር ነው።

መድኃኒቱ ሕዋስን የሚገታው ምኑን ይዞ ነው? ይህን ያገኙት በስዊስ አገር በባዝል ከተማ ማይክል ሆል፣ ጆሴፍ ሃይትማንና ራኦ ሞቫ ናቸው፤ ዘመኑ 1991 ነው። የሠሩበት ፍጥረት ምን ይመስልሃል? እርሾ ነው! ያውም የዳቦ እርሾ። ራፓማይሲን የማያቆመውን እርሾ ለይተው አወጡና በምን ከሌላው እንደሚለይ መረመሩ። ባገኟቸው ሁለት ጂኖች ላይ «የራፓማይሲን ዒላማ» የሚል ትርጉም ያለው ስም አወጡ፤ ቶር ማለት እንግዲህ ይህ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ያው በጅሮንድ በሰውና በእንስሳት ሕዋስ ውስጥም ተገኘ። በቡሖ ዕቃ ውስጥ ያለው እርሾና ያቦካችው ሴት እጅ አንድ ዐይነት ጎተራ ጠባቂ አላቸው ማለት ነው። እኔ ይህን ካነበብኩ ወዲህ ሊጥ ኩፍ ሲል በተለየ ዐይን አየዋለሁ።

እንግዲህ ወደ እርጅና እንምጣ። ጥጋብ ለምን ያስረጃል? ጎተራው በሞላበት ዘመን ቤተሰቡ አዲስ ቤት ይሠራል እንጂ አሮጌውን አይጠግንም። ሲጎድል ግን የተሰበረውን በርጩማ ፈልጦ ማገዶ ያደርጋል፣ ያረጀውን ልብስ ተርትሮ ሌላ ይሰፋበታል። በሕዋስም እንዲሁ ነው። በጅሮንዱ «ገንቡ» ሲል የማፍረሱ ሥራ ይቆማል። ዝም ሲል ሕዋሱ ያረጁትንና የተበላሹትን ክፍሎቹን እየጠቀለለ ወደ ሊዞዞም ይከታል፣ ፈጭቶም እንደ ገና ይጠቀምባቸዋል። የዚህን ሥራ አካሄድ በእርሾ ላይ ያሳየው ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ በ2016 የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል። ሁልጊዜ የሚገነባና ፈጽሞ የማያጸዳ ሕዋስ ቆሻሻው ይከማችበታል፤ እርጅና ከምትገባባቸው በሮች አንዱ ይኸው ነው። አንዱ እላለሁ፤ ሌሎችም አሏትና።

ማስረጃው ከትንንሽ ፍጥረታት ይጀምራል። በ1993 ሲንቲያ ኬንየን የተባለች አሜሪካዊት፣ አንድ ሚሊ ሜትር በምታህል የአፈር ትል ላይ አንድ ጂን ቢዳከም ትሏ ዕድሜዋ እጥፍ እንደሚሆን አሳየች። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ያ ጂን የኢንሱሊንን የመሰለ መልእክት የሚቀበል ደጅ መሆኑ ታወቀ። «እህል መጥቷል» የሚለውን ወሬ በደንብ ያልሰማችው ትል ብዙ ኖረች ማለት ነው። በ2009 ደግሞ ዕድሜያቸው 600 ቀን ለሆነ፣ በሰው ቢሰላ ስድሳ ዓመት ገደማ ለሚሆናቸው አይጦች ራፓማይሲን ከምግባቸው ጋር ተሰጣቸው። ከመቶው ዘጠናው እስኪሞት ያለው ዕድሜ ሲለካ በሴቶቹ 14 ከመቶ፣ በወንዶቹ 9 ከመቶ ጨምሮ ተገኘ። በሽምግልና ተጀምሮ ይህን ያህል መሥራቱ ሊቃውንቱን አስደንቋል። ሰውን ግን ዕድሜ እንደሚጨምርለት እስከ ዛሬ አልታየም። የበሽታ መከላከያን ያዳክማል፣ አፍ ያቆስላል፣ የደም ስኳርንም ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ለእርጅና ብሎ የሚገዛው ሰው ይህን ይወቅ።

እዚህ ላይ ነው «ረኃብ ዕድሜ ያረዝማል» የሚለው ቃል የሚመጣው፤ እኔም የምጣላው እዚህ ላይ ነው።

የነገሩ ሥር በ1935 በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የታተመ ሥራ ነው። ክላይቭ ማኬይና ባልደረቦቹ አይጦችን ምግብ እየቀነሱ ቢያሳድጓቸው፣ እንደ ልባቸው ከበሉት ይልቅ ብዙ ኖሩ። ይህን ሁሉም ያወራል። ማንም የማያወራው ግን የእነዚያ አይጦች ገበታ ምን እንደ ነበረ ነው። የተቀነሰባቸው ኃይል ሰጪው ምግብ ብቻ ነው፤ ፕሮቲኑ፣ ቪታሚኑ፣ ማዕድኑ በሚዛን ተለክቶ ይሰጣቸው ነበር። ጎጇቸው ሞቃት ነው፣ ውኃቸው ንጹሕ ነው፣ የሚያሳድዳቸው የለም። ይህን «ረኃብ» ብሎ መጥራት የቋንቋ ወንጀል ነው። በአገራችን ረኃብ ማለት ሌላ ነገር ነው። የእኛ ረኃብ እህሉን ብቻ አይወስድም፤ ወተቱንም በሬውንም ይወስዳል፣ ተስቦና ተቅማጥም አስከትሎ ይመጣል። በእንዲህ ያለ ረኃብ የበጅሮንዱ ዝምታ ጽዳት አይሆንም፤ ሰውነት ሥጋውን እየበላ በበሽታ ፊት ራቁቱን ይቀራል።

ከአይጥ ወደ ዝንጀሮ ዘመድ ስንወጣ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በአሜሪካ ሁለት ቤተ ሙከራዎች፣ አንዱ በዊስኮንሲን ሌላው በሜሪላንድ፣ ሪሰስ የሚባሉትን ጦጣዎች ምግብ እየቀነሱ ከሃያ ዓመት በላይ ተከታተሉ። በ2009 ዊስኮንሲኖች «ምግብ የተቀነሰባቸው ከእርጅና በሽታ ዳኑ» አሉ። በ2012 ሜሪላንዶች «በዕድሜ ልዩነት አላየንም» አሉ። ጠብ ሆነ። በኋላ ሁለቱም ተቀምጠው መዝገባቸውን ሲያስተያዩ፣ በ2017ም አብረው ሲጽፉ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ የገበታው ልዩነት ሆኖ ተገኘ። በዊስኮንሲን ያልተቀነሰባቸው ጦጣዎች እስኪበቃቸው ይበሉ ነበር፤ ከምግባቸውም ከሩብ በላይ ስኳር ነበር። በሜሪላንድ ግን ያልተቀነሰባቸውም ቢሆኑ በልክ ነበር የሚሰጣቸው፣ ስኳሩም 4 ከመቶ ያህል ነበር። ስለዚህ ጥያቄው «ስንት ተቀነሰ?» ብቻ ሳይሆን «ከምን ላይ ተቀነሰ?» ነው። ከሞላ መሶብ ላይ የሚነሣ እንጀራና ከባዶ መሶብ ላይ የሚነሣ እንጀራ በሒሳብ አንድ ናቸው፤ በሰውነት ግን አንድ አይደሉም።

አሁን ነገሩ ለምን እንዳሳሰበኝ ልናገር። እናቴ የተወለደችው በእኛ አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. በራያ ቆቦ ነው። ያ ዘመን ምን እንደ ነበረ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አላስረዳም። አያቴ እናቴን እርጉዝ ሳለች ምን ትበላ እንደ ነበረ ስትጠየቅ «ምን ተበልቶ!» ብላ ታልፈዋለች፤ ከዚያ በላይ ተናግራ አታውቅም። እናቴ አድጋ አዲስ አበባ መጣች፣ አገባች፣ እኔን ወለደች። ቀኑን ሙሉ በስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ትሠራለች፤ ምሳዋ ብዙ ጊዜ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲሆናት የስኳር በሽታ እንዳለባት ተነገራት። ወፍራም አይደለችም። «እኔ መቼ ጠግቤ አውቅና ነው የጥጋበኛ በሽታ የያዘኝ?» ብላ ስትጠይቅ የሚመልስላት አልነበረም።

ምናልባት መልሱ ከኔዘርላንድ ይጀምር ይሆናል። በ1944 እና በ45 ክረምት ጀርመኖች የአገሪቱን ምዕራብ ክፍል ምግብ ከለከሉ፤ የአንድ ሰው የቀን ቀለብ ከ1000 ካሎሪ በታች ወረደ። ያን ጊዜ በእናታቸው ማሕፀን የነበሩት ልጆች ሃምሳ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ሲመረመሩ፣ ስኳር ሲጠጡ ደማቸው ከሌሎቹ ይልቅ ይታወክ ነበር። በ2008 ደግሞ የኢንሱሊን ዘመድ የሆነ አንድ የዕድገት መልእክተኛ በሚጻፍበት ጂን ላይ፣ በፅንስ መጀመሪያ ረኃቡ የደረሰባቸው ሰዎች የሚኖራቸው ኬሚካላዊ ምልክት ከወንድምና ከእኅቶቻቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ረኃቡ ካለፈ ስድሳ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የእኛም ሊቃውንት በዚያው በራያ ቆቦ፣ በዚያው ረኃብ ጊዜ በማሕፀን የነበሩትን ሰዎች መርምረው በ2020 አሳትመዋል። የስኳር፣ የደም ግፊትና የወገብ ስብ መዛባት ተጠራቅሞ የሚታይባቸው ከረኃቡ በኋላ ከተወለዱት ይልቅ በዝተው ተገኝተዋል።

ሊቃውንቱ የሚሰጡት ግምት ይህ ነው። ፅንሱ ከእናቱ ደም የሚደርሰውን ወሬ ሰምቶ «የምወለድበት ዓለም እህል የለበትም» ብሎ ራሱን ለእጦት ያሰናዳል፤ ቆሽቱን ያሳንሳል፣ ያገኘውን ሁሉ ማስቀመጥ ይለምዳል። ከዚያ የተወለደበት ዓለም ዳቦና ስኳር ያለበት ሲሆን የተሰናዳበት ልክ አይገጥመውም። በአንድ ሰው ላይ ይህ ነው ብሎ መፍረድ አይቻልም፤ የእናቴም በሽታ ከዚያ መጣ ብዬ አልምልም። ነገር ግን ያን ገጽ ባነበብኩ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አጎቴ ያንን የስልክ ወሬ ለእናቴ የላከላት ባለፈው ሁዳዴ ነው። ስለ ጾም ስናገር ተጠንቅቄ ነው። የሚጾም ሰው የሚጾመው ለፈጣሪው ነው፤ ለቶር ብሎ የጾመ መነኩሴ አላውቅም። ሙስሊም ወንድሞቻችንም በረመዳን እንዲሁ። ሰውነት ግን ይሰማዋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ካልገባ ማገዶ ቆጣሪው መንቃቱ፣ ሥጋና ወተት ሲቀር ለበጅሮንዱ የሚደርሰው ሊውሲን መቀነሱ የታወቀ ነው። ለጤነኛ ሰው፣ ማታም በልክ ለሚበላ፣ መልካም ሊሆን ይችላል።

እናቴ ግን ሁለት ዐይነት እንክብል ትወስድ ነበር። አንዱ ሜትፎርሚን ነው፤ ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ ያንን ማገዶ ቆጣሪ መቀስቀስ ነው። ጎተራው ሞልቶ ሳለ «ጎድሏል» ብሎ እንደ መዋሸት ያለ ነው፤ ደግ ውሸት ነው። ሁለተኛው ግሊበንክላማይድ ነው። ይህኛው ቆሽትን ገፍቶ ኢንሱሊን ያስለቅቃል፤ እህል ይግባ አይግባ አይጠይቅም። ጠዋት እርሱን ውጣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስትጾም፣ በባዶ ጎተራ ፊት «እህል መጥቷል» ተብሎ እየታወጀ ነበር። በሁዳዴ ሦስተኛ ሳምንት፣ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ከስፌት መኪናዋ ላይ በላብ ተጠምቃ እየተንቀጠቀጠች ጎረቤታችን አገኘቻት፤ ስኳር በውኃ በጥብጣ አጠጥታ አተረፈቻት።

የንስሐ አባቷ «ለታመመ ሰው ሥርዓቱ አያስገድድሽም፤ ብዪ» ብለዋታል። እሷ ግን «እናቴ በሰባ ሰባት ያልፈታችውን ጾም እኔ ለእንክብል ብዬ ልፍታው?» አለች። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ከዚያ የአጎቴን ቪዲዮ አሳየችኝና «ይኸው ፈረንጆቹም እየመሰከሩ ነው፤ አንተ አንብበሃል፣ እውነት ነው?» አለችኝ። አይጦቹንና ጦጣዎቹን ነገርኳት፤ የሙከራ አይጥ ግሊበንክላማይድ ውጦ እንደማይጾም፣ ያ ሁሉ ጥናት እንደ እሷ ባለች ሴት ላይ እንዳልተሠራ ነገርኳት። ጦጣዎቹ ስኳር ይቀለቡ እንደ ነበረ ስትሰማ ሳቀች። ስለ ራያ ቆቦው ጥናት ስነግራት ግን አልሳቀችም፤ የተመረመሩት ሰዎች ስማቸው ተጽፎ እንደ ሆነ ጠየቀችኝ። አልተጻፈም አልኳት።

በማግስቱ ሐኪሙ ዘንድ አብረን ሄድን። እንደምትጾም እስከዚያ ቀን አልነገረችውም ነበር፤ እርሱም አልጠየቃትም። ግሊበንክላማይዱን አስተዋት፤ ሜትፎርሚኑን ከማታ ምግብ ጋር አደረገው፤ ቀን ቀን ጣቷን እየወጋች ስኳሯን እንድትለካ፣ ከወረደም ወዲያው እንድትበላ አዘዘ። የመለኪያው ወረቀት ውድ ስለ ሆነ እሷ በሁለት ቀን አንዴ ነው የምትለካው። ሻዩን ያለ ስኳር ለምዳዋለች፤ በዳቦው ፈንታ ሽምብራ ቆልታ ከመኪናው መሳቢያ ውስጥ ታኖራለች። ረቡዕና ዓርብ አሁን የምትጾመው እስከ ስድስት ሰዓት ነው። የሚመጣው ሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ይሁን በሚለው ላይ ገና አልተስማማንም።